ዝርዝሩን ባዶ ያደረግኩበት ሳምንት

እናቴ ዘሊካ የጁምዓ እናት ነበረች። አባቴ ሱዳናዊ ነው፤ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ሞተ፣ አላህ ይርሐመው። እሷ እዚሁ የሱዳን ዋና ከተማ፣ ሪያድ ሰፈር፣ ሲት ኑሲባ የምትባል እመቤት ቤት አዳሪ ሠራተኛ ሆና ገባች፣ እኔ አርካዊት የአባቴ እህት አዋጢፍ ዘንድ ቀረሁ። ሁለቱ ሰፈሮች ሩቅ አይደሉም፣ ግን አዳሪ ማለት አዳሪ ነው። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ትመጣለች፣ ጸጉሬን ትሠራለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ የሳምንቱን ቁጣ ታራግፍብኛለች፣ የምሽቱ ሶላት መግሪብ ሳይደርስ ትሄዳለች። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖርን። አማርኛዬንም በሳምንት አንድ ቀን ከእሷ ስለተማርኩት፣ ሐበሾች ሲሰሙኝ የወሎ ባልቴት የምትቆጣ ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው።

ስምምነት ነበረን። እኔ ቋሚ ሥራ የያዝኩ ቀን ሁለት ክፍል እከራያለሁ፣ እሷ የሰው ቤት መኖር ትተዋለች። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው የተነጋገርነው፤ ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው «እህስ?» ትለኛለች፣ እኔም «ኢንሻላህ» እላታለሁ። ተመርቄ አንድ ዓመት ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2005 አርካዊት ውስጥ ያለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ለሦስት ወር ሙከራ ወሰደኝ። ከጎማ ቤት በላይ ያለ አንድ ፎቅ፣ ሰባት ሠራተኛ፤ ስምንተኛዋ እኔ ናስራ።

ድርጅቱ የሚተዳደረው በአንድ ትልቅ ፕሮግራም ነው፤ ክሊኒኮች የሚጠቀሙበት። በሽተኛ ይመዘግባል፣ የላቦራቶሪ ውጤት ይይዛል፣ የመድኃኒት ማዘዣ ያትማል። በ1994 የጀመሩት አለቃችን ኡስታዝ አብደልመጂድ ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። ከእሳቸው በኋላ ሠላሳ የሚያህል ሰው ነካክቶታል። አብዛኛው አሁን ዶሃ ነው፣ ጅዳ ነው፣ ደማም ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፤ ይህ ፕሮግራም በብዙ ሺህ ፋይል ነው የተጻፈው። ፋይሎቹን ገጣጥሞ አንድ የሚሠራ ነገር ማውጣት ቢልድ ይባላል። ሌላ ሰው ቀድሞ የሠራው፣ እኛ የምንዋሰው ቁራጭ ደግሞ ላይብረሪ ይባላል፤ እሱንም ከራሳችን ሥራ ጋር ማያያዝ አለብን። የእኛ ቢልድ አምስት ሰዓት ይፈጃል። በአራተኛው ሰዓት ካህራባ፣ መብራቱ፣ ጠፋ ማለት ከዜሮ ትጀምራለህ፣ ካህራባ ደግሞ መጥፋት ሱሱ ነው። በዚያ ላይ የሚገጣጠመው ጥግ ላይ በተቀመጠ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ሁሉም «ሐጅ» ይሉታል፤ ሲያልፉ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከሞከሩት የስህተት መዓት ያወርዳል።

አሁን ዶክተር አብዱልሰላም የሚባሉ ሐኪም ለአሥራ ሁለት ክሊኒኮች አዲስ ኮምፒውተር ገዙ፤ ፕሮግራሙ በሦስት ሳምንት ውስጥ እዚያ ላይ ካልሠራ ሌላ ድርጅት እንደሚፈልጉ ነገሩን። ሥራውን ማንም አልፈለገውም። ኡስታዝ ጠሩኝ።

«ልጄ ናስራ፣ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ከገጣጠምሽልን ቋሚ ነሽ» አሉኝ። ቀጥለውም «ካልሆነ ግን ሰባታችንም እንኳ መቀጠላችንን እንጃ» አሉ። ሳይቆጡ ነው ያሉት፤ ለዚያ ነው ያመንኳቸው።

የቢልዱን ዝርዝር ከፈትኩ። መቶ አርባ ሦስት ላይብረሪ። ቀን የሚያሰላ ብቻ አራት አለ፣ አራቱም እርስ በርስ አይግባቡም። አጠገባቸው ማስታወሻ ተጽፏል፤ «ይህ የሃሺም ነው፣ አትንኩ።» «ይህን ዳውድ ነው ያስገባው፣ ይቆይ።» «ለምን እንደሆነ አላውቅም ግን ይቆይ።» የመጨረሻው የማን እንደሆነ ስጠይቅ፣ የማተሚያውን ክፍል የሚሠራው ሙሃብ ጆሮውን እያሻሸ የእሱ መሆኑን አመነ።

«ታዲያ ሃሺም ከሄደ ስምንት ዓመቱ አይደል እንዴ? ላጥፋው» አልኩት።

«ዐይብ ነው፣ ነውር!» አለ ሙሃብ። ከምሩ ነው። «ሰውዬው ባሕር ማዶ ሆኖ፣ እኛ እዚህ ዕቃውን እንጣልበት?»

ያኔ ገባኝ። አንድ ሰው ወደ ገልፍ በሄደ ቁጥር ግብዣ ተደርጓል፣ ተለቅሷል፣ ሻንጣ ተሸክመው እስከ አየር ማረፊያ ሸኝተውታል፣ ሥራውን ግን ማንም በይሉኝታ አልነካውም። አዲስ የመጣው የራሱን ከላይ ደርቧል። ሃሺም ቀን የሚያሰላ አለው፣ ዳውድ የራሱን አመጣ፣ ከዳውድ በኋላ የመጣው የሁለቱንም ላለመንካት ሦስተኛ ጨመረ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መከባበር ነው እንግዲህ የተከመረው። እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልተሰጠኝም፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ከንፈሬን ስነክስ ሰነበትኩ።

እየመረጥኩ አንድ በአንድ ላወጣ ሞከርኩ። አንዱን ሳወጣ ሌሎች ሁለት ይፈርሳሉ። እመልሰዋለሁ፣ አሁንም ይፈርሳል። ሠራተኞቹን እየዞርኩ «ይህ ያስፈልጋል?» ብዬ ጠየቅኩ፤ ሁሉም «ሳያስፈልግ አይቀርም» አሉኝ። በሳምንቱ መጨረሻ ያወጣሁት ስድስት ነበር፤ ስድስቱንም መልሼ አስገብቻለሁ።

ጁምዓ እናቴ መጣች። ጸጉሬን ስትከፍል ራሴን ወዲያ ወዲህ አደርግባት ነበር።

«ምን ሆነሻል? እባብ ገብቶብሻል?» አለችኝ።

ነገርኳት። ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም፣ ግን ቂል አይደለችም። መቶ አርባ ሦስት ዕቃ በአንድ ጠባብ ክፍል እንደታጨቀ፣ ማንም «ጣይው» እንደማይለኝ አድርጌ ነገርኳት። ጸጉሬን እንደያዘች ሳቀች።

«የሲት ኑሲባ ዕቃ ቤት ነው እኮ የምታወሪልኝ» አለች። «እኔም የመጀመሪያው ረመዷን ሳጸዳው እዚያው ውስጥ ቁጭ ብዬ አንድ አንድ እያነሳሁ 'ሲቲ፣ ይህ ይፈለጋል?' እላለሁ። እሷ 'ይፈለጋል' ትላለች። ባሏም ልጆቿም 'ይፈለጋል'። አንዲት የተሰነጠቀች ጆግ አልወጣችም። ሰውን ይፈለጋል ወይ ካልሽው ይፈለጋል ነው የሚልሽ፤ ምን አስከፈለው?»

«እና ምን አደረግሽ?»

«በዓመቱ አልጠየቅኳቸውም። ሁሉንም ወደ ግቢው፣ ወደ ሆሹ አወጣሁት፣ እስከ ምስማሩ። ባዶውን ክፍል አጠብኩት፣ ቆለፍኩት። ከዚያ 'የምትፈልጉትን በስሙ ጠይቁኝ፣ እሱን አስገባለሁ' አልኳቸው። ድስት ጠየቁ፣ ድስት ገባ። የእንግዳ ብርድ ልብስ ጠየቁ፣ ገባ። ወር ሞላ፣ ከሆሹ እኩሌታውን የጠየቀ የለም። ራስሽን ቀጥ አድርጊ።»

ራሴን ቀጥ አደረግኩ። ልቤ ግን ቢሮ ሄዷል፤ ቶሎ ሂጂልኝና ልሥራ እንዳልላት ደግሞ የጁምዓ እናት ናት። መግሪብ ሲቃረብ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መሄዷን አልጠላሁትም።

ቅዳሜ ጠዋት አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩና ዝርዝሩን ባዶ አደረግኩት። መቶ አርባ ሦስቱንም። አልደመሰስኩም፤ «ሆሽ» የሚል ፎልደር ከፍቼ እዚያ አስቀመጥኳቸው። ሙሃብ ሻዩን ይዞ ከኋላዬ ቆሞ ነበር፤ ባዶውን ገጽ ሲያይ «ላ ሐውለ ወላ ቁወተ» እያለ ወደ ኡስታዝ ቢሮ ሄደ። ኡስታዝ መጡ፣ አዩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ታውቂዋለሽ የምታደርጊውን?» አሉኝ።

«አላውቅም ኡስታዝ፣ ግን ከአሁን በኋላ ሰው አልጠይቅም። ራሱን ፕሮግራሙን ነው የምጠይቀው» አልኩ።

ቢልዱን አስጀመርኩት። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ስህተት አወረደ። ሌሎቹ ፊታቸውን አዞሩብኝ፣ እኔ ግን ደስታ ሊገድለኝ ነበር። እያንዳንዱ ስህተት እኮ አንድ ጥያቄ ነው፤ «እገሌ የሚባለውን አጣሁት» ይላል፣ በስሙ። ከሆሹ አንድ ላይብረሪ አመጣሁ፣ አምስት መቶ ስህተት ጠፋ። ሁለተኛ አመጣሁ፣ ሌላ ሦስት መቶ። ቀን ማስያ ጠየቀ፤ ከአራቱ አዲሱን ሰጠሁት፣ ሦስቱ ሆሽ ቀሩ፣ ፀቡም አብሮ ቀረ። በዝርዝሩ ላይ ማንን ከማን ማስቀደም እንዳለብኝም ራሱ ነገረኝ፤ አንዱ ሌላውን የሚፈልግ ከሆነ ፈላጊው ይቀድማል፣ ተፈላጊው ይከተላል። እሑድ ስድስት መቶ ስህተት ቀረ፣ ሰኞ ሰማንያ፣ ማክሰኞ አራት። ረቡዕ ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ ምንም።

አሥራ ዘጠኝ ላይብረሪ ብቻ ነው የጠየቀኝ። መቶ ሃያ አራቱ ሆሽ ውስጥ ተኝተዋል።

«ተሳስተሽ ነው፣ ድገሚው» አለ ሙሃብ። ደገምኩት። ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ ሻይ አስመጣ። አምስት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ቢልድ በአሥራ አንድ ደቂቃ አለቀ። ሙሃብ ሻዩን አልጨረሰም። ጓደኞቼን ሁሉ ጠርቶ ሦስተኛ አስደገመኝ፤ አራተኛውን እኔው ለደስታዬ ደገምኩት። ባለ ጎማ ቤቱ ምን ተገኘ ብሎ ደረጃውን ወጥቶ መጣ፣ ለእሱም አሳየነው፣ ምንም ሳይገባው እጃችንን እየያዘ መብሩክ አለን። በዚያ ቀን ሐጅን ከሶኬት ነቀልነው። ኡስታዝ በእጃቸው አቧራውን ጠረጉለት፣ የሞት ያህል ከብዷቸው ነበር።

ዶክተር አብዱልሰላም በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ሊያዩ መጡ፤ አዲስ ኮምፒውተር፣ አዲስ የማተሚያ ማሽን አስይዘው። እኔ ነኝ የማሳየው። በሽተኛ መዘገብኩ፣ ውጤት አስገባሁ፣ ሁሉም እንደ ቅቤ ሄደ። ዶክተሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። «የመድኃኒት ማዘዣ አትሚልኝ» አሉ። አተምኩ።

ወረቀቱ ወጣ። ዐረብኛው ፊደል ለፊደል ተለያይቶ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ተገልብጦ ነው የወጣው። ሰው ሊያነበው አይችልም፤ በሽተኛ ይዞት መድኃኒት ቤት ቢሄድ ምን ተሰጥቶት ይመለስ ነበር። የእኛ ማተሚያ ቀለም ከጨረሰ ወር አልፎት ነበር፣ እኔም በስክሪን አይቼ በቃኝ ብያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የማንም አይደለም።

ዶክተሩ ወረቀቱን አቀረቡት፣ አራቁት። ሰዓታቸውን አዩ። «ይህን ለበሽተኛ ልሰጥ ነው?» አሉ። ወላሂ ያኔ የታየችኝ እናቴ ናት፤ ከሲት ኑሲባ ቤት ስትወጣ ሳይሆን ተመልሳ ስትገባ።

ምን እንደጎደለ ገብቶኛል። ቢልዱ ሲገጣጠም የማይጠይቀው፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ፣ ሊያትም ሲል ብቻ የሚጠራው ላይብረሪ አለ ማለት ነው። ሆሽ ውስጥ ነው ያለው። ግን ከመቶ ሃያ አራቱ የትኛው? ሙሃብን አየሁት፣ ሙሃብ ኡስታዝን አያቸው።

«የማተሚያውን ክፍል መጀመሪያ የሠራው ዳውድ ነው» አለ ሙሃብ። «ከሄደ ሰባት ዓመቱ ነው። ደማም ነው ያለው።»

በሌላ አገር ቢሆን ሰባት ዓመት የሄደን ሰው ማን ያገኘዋል? ኡስታዝ ግን የዳውድን ቁጥር ከራሳቸው ጭንቅላት ነው የደወሉት። በየዒዱ ይደዋወላሉ።

አነሳ። እኔ አሁን «የማተሚያው ላይብረሪ የትኛው ነው?» ይሉታል ብዬ እርሳስ ይዤ ቆሜያለሁ።

«ዳውድ፣ እንዴት ነህ? ጤና ነህ? ልጆቹስ? ... አልሐምዱሊላህ። አባትህስ? ጉልበታቸውስ ተሻላቸው? ... አልሐምዱሊላህ። ያች ትንሿ ትምህርት ቤት ገባች? ... ማሻአላህ። ሙቀቱ እንዴት ነው?»

የደማምን ሙቀት ጠየቁ። እርሳሱ እጄ ውስጥ ተሰበረ። በዓይኔ ለመንኳቸው፣ እሳቸው በእጃቸው ቆይ አሉኝ። በኋላ ስጠይቃቸው «ሰላምታ ሳልጨርስ ሥራ ባነሳበት የተቀየምነው ይመስለው ነበር» አሉኝ። የዳውድ ወንድም ሠርግ ላይ ሲደርሱ ዶክተር አብዱልሰላም ቀና አሉ።

«ዳውድ የማን ልጅ?» አሉ።

ነገሯቸው። የኦምዱርማኑ፣ የመምህሩ የወንድም ልጅ። ዶክተሩ ወንበራቸውን ወደ ስልኩ ጎተቱ። «አጎቱ እኮ ሒሳብ ያስተማሩኝ ናቸው፤ ስጠኝ እስቲ» አሉና ተቀበሉ። እንደገና ከልጆቹ ጀመሩ። እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ግን ሰውየው ሰዓታቸውን ማየት ትተዋል፣ ያንን አስተውያለሁ።

በመጨረሻ ስልኩ እኔ ጋ ደረሰ። ዳውድ ሳቀብኝ፣ ግን በደግነት።

«እሱ የእኔ ነው» አለ። «ሊያትም ሲል ብቻ ነው የሚጠራው፣ ለዚያ ነው ያልጠየቀሽ። 'ይቆይ' ብዬ ጽፌ ነበር፤ ለምን እንደሚቆይ መጻፍ ነበረብኝ። አፉ በይኝ።» ስሙን ነገረኝ። «የቀረውን ግን ጣይው እህቴ፣ የእኔንም ጭምር። እስካሁን ማስቀመጣቸው ነው የሚገርመኝ።»

ሙሃብ ይህን ሲሰማ አፉን ከፈተ። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዳይቀየም የተጠነቀቀለት ሰው ምንም ግድ አልነበረውም።

ከሆሹ አወጣሁት፣ ከአሥራ ዘጠኙ ለብቻ አስቀምጬ «ሲታተም ብቻ የሚጠራ» ብዬ ምክንያቱን ጻፍኩ፣ ቢልዱን አስጀመርኩ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ዶክተሩ ሻይ ጠጡ። ወረቀቱ ወጣ፤ ፊደሉ ተያይዞ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ጥርት ብሎ። ዶክተሩ ጮክ ብለው አነበቡት፣ ማዘዣውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ፣ «ለአሥራ ሁለቱም» አሉ። ሙሃብ አቀፈኝ ማለት ነው፣ ዐይብ ባይሆን፤ ወንበሬን አቀፈ።

ኡስታዝ ወረቀት ፈርመው ሰጡኝ። «ቋሚ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ቦርሳዬን እንኳ ሳልይዝ ደረጃውን ወርጄ ባለ ሦስት እግር ሪክሻ ጠራሁ፤ ነጂውን «ሪያድ፣ ያላ» አልኩት። ልጁ ቀስ ሲል ተቆጣሁት፣ ሲፈጥን ደግሞ ቀስ በል ብዬ ተቆጣሁት።

የሲት ኑሲባን ደወል ደወልኩ። እናቴ ከፈተች፣ እጇ በሳሙና ርሷል። ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም እማ። ቋሚ ሆንኩ።»

ወረቀቱን ዘረጋሁላት፣ ማንበብ አትችልም፣ ግን ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ሄደችበት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ያዘች። «ልብሱን ሳላሰጣ አልሄድም» አለች።

አብረን አሰጣን። ሲት ኑሲባ ወጥታ ስታየን ገባት፤ ይህን ስምምነት ለካ እሷም ታውቀዋለች። ሆሹ ውስጥ ካለው አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ከዚያ እናቴን አቅፋ «ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ቀን ስፈራው ነበር፣ ሂጂ፣ አላህ ይባርክልሽ» አለቻት። እናቴ ነገ መጥታ ቤቱን እንደምታስረክብ ነገረቻት፣ መጠቅለያ ልብሷን፣ ቶቧን፣ ለበሰች፣ ወጣን። ቤት እስክንከራይ አክስቴ ዘንድ ነን። ሪክሻ ልጥራ ስላት እምቢ አለች፤ በእግራችን እንሂድ አለች።

ማክሰኞ ነበር። ከእናቴ ጋር ማክሰኞ መንገድ ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ሱቆቹ ሁሉ ክፍት ናቸው፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ፣ እሷም እንደ እንግዳ ሁሉንም ታያለች። ትንሽ እንደሄድን ክንዴን ያዘችኝ።

«ጠዋት ጠዋት ምንድን ነው የምትበዪው?» አለችኝ።

«ፉል ነው። ሽንኩርት የሌለበት።»

ቆመች። «ሽንኩርት አትወጂም?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም።»

«የኔ ወጥ እኮ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳህኑን ስትጠርጊ አይቼሻለሁ።»

«ያንቺ ነዋ፣ ሽንኩርቱን ሳይቀር እበላዋለሁ» አልኳት።

እዚያው መንገድ መሐል፣ ሪክሻዎቹ ጥሩምባ እየነፉብን፣ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅሎባት ትከሻዬን በቡጢ መታችኝ። ከዚያ ክንዴን እንደገና ያዘችና ሌላ ምን እንደማልወድ አንድ በአንድ ትጠይቀኝ ጀመር፤ አርካዊት እስክንደርስ አልጨረስንም።